ካሽ ማጥፋት ሪዳይሬክትን አይጠግንም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ድረ-ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ሳይመሰጠር ከሚሄደው ኤችቲቲፒ ወደሚመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ የሚወስደው ሪዳይሬክት (ጎብኚውን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያዞር መልስ) አልሠራ ሲል ምን ማድረግ እንዳለብን ይመክራል። ምክሮቹ ስድስት ናቸው። ገጹ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባ የብራውዘሩን ካሽ (ቀድሞ ያስቀመጣቸውን መልሶች) አጥፉ ይላል። ካልተስተካከለ ሪዳይሬክቱን በየደረጃው ደግማችሁ ጻፉት ይላል። ሁልጊዜ 301 (የቋሚ ሪዳይሬክት የመልስ ቁጥር) ተጠቀሙ፣ የሰርተፊኬት (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰነድ) ማስጠንቀቂያ ከመጣ ጎብኚውን በሪዳይሬክት ወደ ትክክለኛው አድራሻ አሻግሩት፣ ኤችኤስቲኤስን (ብራውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲመጣ የሚያዘውን መልእክት) ከመጀመሪያው ቀን ለሙሉ ዓመት ክፈቱት ይላል። በመጨረሻም ፖርት 80ን (ኤችቲቲፒ የሚገባበትን በር) ዝጉት ብሎ ያበቃል።

ጸሐፊው ለመርዳት ብለው እንደጻፉት አልጠራጠርም። አጻጻፋቸው ግልጽ ነው፤ ጀማሪን አያስፈራም። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ «መጀመሪያ ሪዳይሬክቱን የላከው ማን እንደሆነ እዩ» የሚል ቃል የለም። ሁሉም ምክር «ይህን አድርጉ» ነው። ሪዳይሬክት ደግሞ ሳያዩ የነኩት እንደሆነ አንዱን ችግር በሌላ ይተካል። አንዳንዱም ከሰርቨራችሁ አልፎ በጎብኚዎች ብራውዘር ውስጥ ስለሚቀመጥ ተመልሳችሁ ልታጠፉት አትችሉም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ካሹን አጥፉ»

ዙሩ ሲፈጠር የሚሆነው ይህ ነው። ብራውዘሩ ገጹን በኤችቲቲፒ ይጠይቃል። ሰርቨሩ «በኤችቲቲፒኤስ ና» ይለዋል። ብራውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ ይሄዳል። ሰርቨሩ አሁንም «በኤችቲቲፒኤስ ና» ይለዋል። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ 20 ጊዜ ያህል ከዞሩ በኋላ ይተዉትና የስህተት ገጽ ያሳያሉ።

በኤችቲቲፒኤስ የመጣውን ሰው ሰርቨሩ ለምን እንደገና ያዞረዋል? ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ጥያቄው በኤችቲቲፒኤስ እንደመጣ ስለማያውቅ ነው። ከፊቱ ሌላ ማሽን አለ። ሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል)፣ ሪቨርስ ፕሮክሲ (በሰርቨሩ ስም ጥያቄ የሚቀበል) ወይም ሲዲኤን (ገጹን ለጎብኚው ቅርብ ከሆነ ቦታ የሚያደርስ መረብ) ሊሆን ይችላል። ምስጠራውን የሚፈታው ያ ማሽን ነው። ከፈታ በኋላ ጥያቄውን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው በተራ ኤችቲቲፒ ነው። ከኋላ ያለው ሰርቨር የሚያየው ሁልጊዜ ኤችቲቲፒን ብቻ ስለሆነ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ያዞራል። ሁለቱ ማሽኖች ስለ አንዱ ግንኙነት የተለያየ ነገር ያምናሉ ማለት ነው። ካሹን መቶ ጊዜ ብታጠፉት ይህ አይለወጥም።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የሲዲኤን አቅራቢው የክላውድፌር «ፍሌክሲብል» የሚባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ከጎብኚው እስከ ክላውድፌር ያለው መንገድ ይመሰጠራል። ከክላውድፌር እስከ እናንተ ሰርቨር ያለው ግን በፖርት 80 ሳይመሰጠር ይሄዳል። ሰርቨራችሁ ላይ የኤችቲቲፒኤስ ሪዳይሬክት ካለ ዙሩ ወዲያው ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሰርቨሩን ሪዳይሬክት ያነሳና ገጹ ሲከፈት እፎይ ይላል። ይህ መፍትሔ አይደለም። ጎብኚው ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት እያየ፣ የይለፍ ቃሉ ግን የመንገዱን ግማሽ ሳይመሰጠር ይጓዛል። ትክክለኛው ነገር ሰርቨሩ ላይ ሰርተፊኬት መጫንና አሠራሩን «ፉል ስትሪክት» ወደሚባለው መቀየር ነው።

ከፊት ያለው ማሽን የራሳችሁ ፕሮክሲ ከሆነ ደግሞ ለኋላው ሰርቨር እውነቱን መንገር አለበት። ለዚህ የተለመደው ሄደር (ከጥያቄ ወይም ከመልስ ጋር የሚላክ የመረጃ መስመር) ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ ነው። ጎብኚው የመጣው በኤችቲቲፒ ይሁን በኤችቲቲፒኤስ በዚህ ሄደር ይነገራል። ግን መላኩ ብቻ አይበቃም፤ ከኋላ ያለው አፕሊኬሽንም ሊያምነው ይገባል። የድረ-ገጽ መሥሪያው ወርድፕረስ በራሱ ይህን ሄደር አያይም። የሚያየው ሰርቨሩ የኤችቲቲፒኤስ ቫሪያብሉን ማብራቱን ወይም ፖርቱ 443 (የኤችቲቲፒኤስ በር) መሆኑን ነው። ስለዚህ ሄደሩ ኤችቲቲፒኤስ ሲል ቫሪያብሉን የሚያበራ መስመር በወርድፕረስ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ መጨመር ያስፈልጋል። መስመሩም የወርድፕረስ ሴቲንግስ ፋይል ከሚጠራበት መስመር በላይ ይሁን፤ ከታች ከሆነ ዋጋ የለውም። በፓይተን ድረ-ገጽ የሚሠራበት ጃንጎም ለዚሁ ጉዳይ የራሱ ሴቲንግ አለው፤ እስካልሞላችሁት ድረስ ሄደሩን አያምንም።

ጃንጎ አለማመኑ ትክክል ነው። ይህን ሄደር ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ጽፎ ሊልከው ይችላል። ፕሮክሲው ከውጭ የመጣውን አጥፍቶ የራሱን ካልጻፈ፣ በተራ ኤችቲቲፒ የመጣ ሰው «በኤችቲቲፒኤስ ነው የመጣሁት» ብሎ አፕሊኬሽኑን ያሳምናል። እናም ሄደሩን እመኑ ከማለታችን በፊት ፕሮክሲው እንደሚተካው እናረጋግጥ።

ካሽ ማጥፋት የሚጠቅምበት ቦታ የለም ወይ? አለ። ቀድሞ የተሳሳተ 301 ልካችሁ ከነበረና አሁን ካስተካከላችሁት ብራውዘራችሁ አሮጌውን መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ግን መገመት አያስፈልግም። ከርል የሚባለውን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ተጠቀሙ። ከርል የቀድሞ መልስ አያስቀምጥም። ከርልም ዙሩን ካሳየ ብራውዘሩ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሰርቨር በኩል ነው። ሲጠይቅም ሪዳይሬክቱን እንዳይከተል አድርጉት፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ከመልሱ ውስጥ ሦስት ነገር እዩ፤ የመልሱን ቁጥር፣ «ሎኬሽን» የሚለውን ሄደር፣ «ሰርቨር» የሚለውን ሄደር። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የመለሰው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ሄደር ብቻ የሚጠይቀውን አማራጭ ከመጠቀም ሙሉውን ገጽ ጠይቃችሁ ሄደሩን ብታዩ ይሻላል። አንዳንድ አፕሊኬሽን ለሁለቱ የተለያየ መልስ ይሰጣል።

ቀጥሎ የፊተኛውን ማሽን ዝለሉት። ከርል ላይ «ሪዞልቭ» የሚባል አማራጭ አለ። ዲኤንኤስ (የዶሜይን ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው) የሚለውን ትቶ እናንተ ወደነገራችሁት አይፒ ይሄዳል፤ የዶሜይኑ ስም ግን እንዳለ ይላካል። በዚህ መንገድ የኋላውን ሰርቨር ብቻውን ትጠይቁታላችሁ። ብቻውን ሲጠየቅ በኤችቲቲፒኤስ በደንብ ከመለሰ፣ ነገሩ የተበላሸው ፊተኛው ማሽን ከእሱ ጋር በሚነጋገርበት መንገድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድም ሴቲንግ ሳትነኩ የት መሥራት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

«በየደረጃው ደግማችሁ ጻፉት»

ከስድስቱ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የሚሠራ ይመስላል። ሪዳይሬክቱን ሲዲኤኑ ላይም፣ ኢንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር) ላይም፣ ወርድፕረስ ፕለጊን ላይም የጻፈ ሰው ሦስት ቦታ ላይ አንድ ውሳኔ አስቀምጧል። ሦስቱ እስከተስማሙ ድረስ ምንም አይታይም። አንድ ቀን አንዱ ሲቀየር ጉዱ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። ኢንጂንኤክስ በሦስቱ ደብልዩ የሚጀምረውን አድራሻ ደብልዩ ወደሌለው ይልካል። ወርድፕረስ ውስጥ ደግሞ የሳይቱ አድራሻ ከነደብልዩው ተመዝግቧል። ስለዚህ ወርድፕረስ መልሶ ወደዚያ ይልካል። ሁለቱም ኤችቲቲፒኤስ ናቸው፤ ሰርተፊኬቱም ደህና ነው። ገጹ ግን አይከፈትም። ሰዉ ኤችቲቲፒኤስን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የኤችቲቲፒኤስ አይደለም። ሎኬሽን ሄደሩን በተራ ብታነቡት አንዴ ከደብልዩ ጋር፣ አንዴ ያለ ደብልዩ ሲመላለስ በግልጽ ይታያል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሪዳይሬክት አንድ ቦታ ይኑር፤ ያም ቦታ ምስጠራውን የሚፈታው ማሽን ይሁን። ጎብኚው በምን እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚያውቁት እሱ ሲነግራቸው ነው።

አንዱን ቦታ ስትጽፉም ትናንሽ ወጥመዶች አሉ። አፓቼ (ሌላው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ «ሪዳይሬክት» በሚለው ትዕዛዝ ከሥሩ ጀምሮ ወደ አዲሱ አድራሻ ስትልኩ፣ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለችውን ሰያፍ መስመር እንዳትረሱ። ከረሳችኋት የገጹ ስም ከዶሜይኑ ጋር ተጣብቆ «ምሳሌ.ኮምስለእኛ» የሚመስል የሌለ አድራሻ ይፈጠራል። የመነሻ ገጹ በትክክል ስለሚከፈት ሰው ይህን ቶሎ አያየውም፤ የሚበላሹት የውስጥ ገጾቹ ናቸው። ሌላው የኤችቲአክሰስ ፋይል (በሳይቱ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ የአፓቼ ሴቲንግ ፋይል) ነው። ሰርቨሩ ላይ «አላው ኦቨርራይድ» የሚለው ሴቲንግ «ነን» (ምንም አትፍቀድ) ከሆነ አፓቼ ፋይሉን ጭራሽ አያነበውም። ሰዎች እዚያ ውስጥ መስመር እየጨመሩ፣ ለምን ምንም እንዳልተለወጠ ግራ ሲገባቸው ይውላሉ። ለነገሩ ዋናውን የኮንፊግ ፋይል መንካት የምትችሉ ከሆነ ሪዳይሬክቱን ለፖርት 80 በተጻፈው ቨርቹዋል ሆስት (ለአንድ ሳይት የተለየ የኮንፊግ ክፍል) ውስጥ አድርጉት፤ ሁኔታ የሚፈትሽ መስመርም አያስፈልገውም። ኢንጂንኤክስ ላይም ያው ነው። ለፖርት 80 የራሱን የሰርቨር ብሎክ ስጡትና «ሪተርን» በሚለው ትዕዛዝ መልሱ። «ሰርቨር ኔም» የሚለውን ቫሪያብል ስትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ። ብሎኩ ውስጥ ብዙ ስሞች ካሉ ሁሉንም ጎብኚ ወደ መጀመሪያው ስም ይልካል። እያንዳንዱን በመጣበት ስም ለመላክ የሚያገለግለው «ሆስት» የሚለው ነው።

ሎድ ባላንሰር ያላችሁ ደግሞ የጤና ምርመራውን አስታውሱ። ምርመራው በኤችቲቲፒ ጠይቆ 200 («ደህና ነው» የሚል መልስ) የሚጠብቅ ከሆነና ሰርቨሩ 301 ከመለሰለት፣ ደህናውን ሰርቨር ታሟል ብሎ ከሥራ ያስወጣዋል።

«ሁልጊዜ 301»

መጨረሻ ላይ 301 መሆኑ ትክክል ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ነው የማልስማማው። ብራውዘር 301ን ማንም ሳይነግረው ሊያስቀምጠው ይችላል። 302ን (ጊዜያዊውን ሪዳይሬክት) ግን በግልጽ ካልተነገረው አያስቀምጥም። ስለዚህ ገና እየሞከራችሁ ሳለ 302 ላኩ። ሁሉም ገጽ፣ ሁሉም ስም በትክክል መሄዱን ካያችሁ በኋላ ወደ 301 ቀይሩ። የተሳሳተ 301 ላይ የደረሱ ሰዎችን ብራውዘር ከሩቅ የምታጸዱበት መንገድ የለም።

ፎርም ካለ ሌላም ነገር አለ። ብራውዘሮች በ301 እና በ302 ሲዞሩ የፖስት ጥያቄን (መረጃ የሚልከውን) ወደ ጌት (ገጽ ብቻ ወደሚጠይቀው) ይቀይሩታል፤ ፎርሙ ላይ የተሞላው በመንገድ ይቀራል። ተጠቃሚው «ላክ» ይላል፣ ባዶ ገጽ ይመጣለታል። 307 እና 308 ግን የጥያቄውን ዓይነት እንዳለ ያቆያሉ። 308 በ2015 ደረጃው የወጣለት ቋሚ ሪዳይሬክት ነው። ያም ሆኖ ፎርሙ በኤችቲቲፒ ከተላከ መረጃው ሪዳይሬክቱ ከመድረሱ በፊት ተጋልጧል። 308 መረጃው እንዳይጠፋ ያደርጋል እንጂ ምስጢሩን አይመልስም። መስተካከል ያለበት የፎርሙ አድራሻ ራሱ ነው።

«የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያን በሪዳይሬክት እለፉት»

ይህ በፍጹም አይሠራም። በኤችቲቲፒኤስ መጀመሪያ የሚሆነው የምስጠራ ስምምነቱ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚመረመረው ያኔ ነው። ሪዳይሬክቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በተመሰጠረው መንገድ ውስጥ ነው። ሰርተፊኬቱ ያንን ስም ካልያዘ ብራውዘሩ ሪዳይሬክቱን ሳያይ በፊት ይቆማል።

ስለዚህ ደብልዩ ያለውን አድራሻ ወደሌለው ብቻ የምታዞሩ ብትሆኑም፣ ሰርተፊኬቱ ሁለቱንም ስሞች መያዝ አለበት። ዶሜይን ቀይራችሁ ከሆነም የድሮው ዶሜይን ሰርተፊኬት እየታደሰ መቀጠል አለበት፤ የድሮ ሊንኮች በሰው እጅ እስካሉ ድረስ።

«ኤችኤስቲኤስን ከመጀመሪያው ቀን ለዓመት»

ኤችኤስቲኤስ በ2012 ደረጃ የወጣለት ሄደር ነው። ብራውዘሩን «ከአሁን በኋላ ወደዚህ ዶሜይን በኤችቲቲፒ እንዳትመጣ» ይለዋል። እኔም እወደዋለሁ፤ ሁሉም ሳይት ቢኖረው ደስ ይለኛል። በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክ ኤስኤስኤልስትሪፕ በተባለው መሣሪያ እንዳሳየው፣ ሪዳይሬክት ብቻውን ከመሐል የገባን አጥቂ አይከለክልም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ አጥቂው እዚያው ላይ ይይዘዋል። ኤችኤስቲኤስ የመጣው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው።

ግን ብራውዘር ቃሉን ይጠብቃል። አንድ ዓመት ካላችሁት አንድ ዓመት ነው። በዚያ መሐል ሰርተፊኬታችሁ ጊዜው ካለፈ፣ ጎብኚው እንደ ድሮው «ይሁን ግባ» ብሎ ማለፍ አይችልም። ንዑስ ዶሜይኖችንም የሚጨምረውን አማራጭ ከጻፋችሁ፣ ሰርተፊኬት የሌላቸው የድሮ ንዑስ ዶሜይኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ጽሑፉ ከዚህም አልፎ «ፕሪሎድ» የሚለውን ቃል እንድትጨምሩ ይመክራል። ፕሪሎድ ማለት ዶሜይናችሁ ብራውዘሮች ውስጥ አብሮ በሚሠራ ዝርዝር ላይ ይገባል ማለት ነው። ለመግባት ጊዜው ቢያንስ 31536000 ሰከንድ መሆን አለበት። ለመውጣት ደግሞ ማመልከትና አዳዲስ የብራውዘር ቅጂዎች ለሰው እስኪደርሱ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወራት ይወስዳል።

በ300 ሰከንድ ጀምሩ። ምንም ካልተሰበረ ሳምንት፣ ቀጥሎ ወር አድርጉት። ንዑስ ዶሜይኖቹን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ዓመት በሉት። ማንሳት ከፈለጋችሁ ጊዜውን ዜሮ አድርጋችሁ መላክ ትችላላችሁ፤ የሚሠራው ግን ሰዎቹ በደህና ሰርተፊኬት ተመልሰው ሲመጡ ነው። ሄደሩን በኤችቲቲፒ መልስ ላይ መጻፍ ደግሞ ምንም አያደርግም፤ ብራውዘሮች አይቀበሉትም።

ጽሑፉ ኤችኤስቲኤስ ካለ ሪዳይሬክቱ አያስፈልግም ይላል። ያስፈልጋል። አዲስ ጎብኚ ሄደሩን የሚያገኘው መጀመሪያ ኤችቲቲፒኤስ ላይ ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ ኤችኤስቲኤስ ከእናንተ ዓይን ችግር ይሸፍናል። የእናንተ ብራውዘር ዶሜይኑን ስለሚያስታውስ ወደ ፖርት 80 ጭራሽ አይሄድም። የክሮምን የኔትወርክ ገጽ ብትከፍቱ 307 የሚል መልስ ታያላችሁ፤ የላከው ራሱ ክሮም ነው እንጂ ሰርቨራችሁ አይደለም። የፖርት 80 ሪዳይሬክት ተሰብሮ አዲስ ጎብኚ ሁሉ ሲመለስ እናንተ ጋ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል። ይህንንም የሚያሳያችሁ ከርል ነው።

«ፖርት 80ን ዝጉ»

ለተራ ድረ-ገጽ ይህ ጥበቃ አይጨምርም። ከመሐል የገባ አጥቂ የእናንተን ፖርት 80 አይፈልግም፤ ለጎብኚው የሚመልሰው ራሱ ነው። የምትዘጉት በድሮ ሊንክ የመጣውን ሰው ነው። ነጻ ሰርተፊኬት የሚሰጠውን ሌትስ ኢንክሪፕትን የምትጠቀሙ ከሆነም ኤችቲቲፒ-01 የሚባለው የማረጋገጫ መንገድ ሁልጊዜ በፖርት 80 ነው የሚጀምረው። ሪዳይሬክት ግን አይረብሸውም፤ እስከ 10 ድረስ ይከተላል። ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሲዞር ያገኘው ሰርተፊኬት ጊዜው ያለፈበት ቢሆን እንኳ ግድ የለውም። ፖርቱን ዘግታችሁ በዚህ መንገድ የምታድሱ ከሆነ እድሳቱ ይቆማል፤ ኤችኤስቲኤሱም ለዓመት በርቶ ከሆነ ገጹ ለቀድሞ ጎብኚዎቻችሁ በሙሉ ይዘጋል። የጽሑፉ አምስተኛና ስድስተኛ ምክሮች አብረው ሲፈጸሙ የሚያመጡት ይህንን ነው።

ለኤፒአይ (ፕሮግራሞች ለሚነጋገሩበት አድራሻ) ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ባይለየውም። ፕሮግራም አድራሻውን በስህተት በኤችቲቲፒ ከጻፈ የመግቢያ ቁልፉን ሳይመሰጠር ይልካል። ሪዳይሬክት ካገኘ ዝም ብሎ ይከተላል፤ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ቁልፉ በየጥያቄው እየተጋለጠ መሆኑን ማንም አያውቅም። እዚያ ላይ ፖርቱን መዝጋት ወይም 403 («አይፈቀድም» የሚል መልስ) መመለስ ይሻላል። ፕሮግራመሩ ስህተቱን በመጀመሪያው ቀን ያያል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አንድ ምክንያት ልጨምር። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ጋ አይሠራም» የሚባለው ችግር አንዳንዴ የአይፒ ስሪት 6 (ከስሪት 4 በኋላ የመጣው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ጉዳይ ነው። ዶሜይኑ የስሪት 6 አድራሻ አለው፤ ኢንጂንኤክስ ላይ ግን የሪዳይሬክቱ ብሎክ የሚያዳምጠው በስሪት 4 ብቻ ነው። በስሪት 6 የመጣው ሰው ሌላ ብሎክ ላይ ያርፋል ወይም ግንኙነት ያጣል። ከርልን አንዴ በ4፣ አንዴ በ6 እንዲሄድ አስገድዱትና መልሱን አወዳድሩ። ከተለያየ ብሎኩ ውስጥ ለስሪት 6 ሁለተኛ የ«ሊስን» መስመር ጨምሩ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ ከሁሉም በፊት የኤችኤስቲኤሱን አንቀጽ እንዲያነሱት እለምናቸዋለሁ። ሌሎቹን ምክሮች የተከተለ ሰው በአብዛኛው ኮንፊጉን መልሶ ያስተካክላል። ያንን መስመር ከነፕሪሎዱ ቀድቶ የለጠፈ ሰው ግን ዛሬ ቢያጠፋውም ለወራት አብሮት ይቆያል።